የአባዬ አርባ ገጽ እና ዘጠነኛው ምርጫ

ጥቅምት 3

ዛሬ የተለየ ነገር የለም። ቢሮ ገባሁ፣ ሳቅሁ፣ ወጣሁ።

ሥራዬ መስበር ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እንደዚያ ነው የምለው። ሌሎቹ ፕሮግራሙን ይሠራሉ፣ እኔ እስኪበላሽ ድረስ እነካካዋለሁ። ደንበኛ ሲያማርርም ደብዳቤው የሚመጣው ለእኔ ነው። ስድስት ሰው፣ ሁለት ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከጎማ ጥገና ቤት በላይ። ታች ጎማ ሲፈነዳ ላይ ሁላችን ከወንበራችን እንዘላለን... ከቁምነገር በቀር። ዋናው ፕሮግራመራችን ነው። «ቁምነገር» ስሙ አይደለም፣ እኛ ያወጣንለት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ጥርሱን አይቼ አላውቅም። አለው?

ፕሮግራማችን «ጎተራ» ይባላል። የባክአፕ ፕሮግራም ነው። ፋይልህን ኮፒ አድርጎ ሩቅ ቦታ ያስቀምጥልሃል፤ ኮምፒውተርህ ቢሰረቅ፣ ሻይ ቢደፋበት፣ ቅጂው አለ። ሴቲንጉ አሥራ አራት ምርጫ አለው። አሥራ አራቱንም በቃሌ እወጣዋለሁ! ለምን እንደምኮራበት እንጃ።

ከሥራ ስመለስ አሮጌ ኮምፒውተሬን ለአባዬ ሰጠሁት። አርባ ሁለት ዓመት የዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር። ጡረታ ከወጣ አምስት ወሩ። የሚይዘው መሪ አጥቶ ከክፍል ክፍል ሲዞር ያሳዝናል... ያስቃልም። መታጠፊያው ላይ እኮ እንደሚታጠፍ ሹፌር እጁን ያወዛውዛል።

«ምን ልትሠራበት ነው?» አልኩት።

«ምን አገባሽ?»

ጎተራን ጫንኩለት። ሴቲንጉን እንዳለ ተውኩት፣ «የሚመከር» የሚለው ሁሉ በርቶ። «አረንጓዴ ምልክት ስታይ ገብቷል ማለት ነው» አልኩት።

«እንደ ትራፊክ መብራት።»

«እንደ ትራፊክ መብራት! ከእንግዲህ የሚጠፋብህ ነገር የለም አባዬ። እኔ ነኝ የፈተሽኩት።»

ደረቴን ነፍቼ ነው ያልኩት።

ጥቅምት 6

አባዬ በአንድ ጣት ይጽፋል። ክ... ክክ... ረጅም ዝምታ... ክ። እማዬ ከወጥ ቤት ጮኸች፦ «ቤት ውስጥ ዶሮ አስገብታችኋል እንዴ? የሚጭር ነገር አለ!»

ምስጢሩን ለእኔ ብቻ ነገረኝ። በር ዘግቶ፣ ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ። መጽሐፍ እየጻፈ ነው! ስለ አውቶቡሱና ስለ እማዬ። ኅዳር 17 የተጋቡበት አርባኛ ዓመት ነው። አርባ ዓመት፣ አርባ ገጽ። ከትናንት ጀምሮ በቀን አንድ ገጽ፣ ኅዳር 14 ያልቃል፣ አሳትሞ ይሰጣታል። ሲያሰላው እንደ ጉዞ ሰሌዳ ነው፣ አንዲት ደቂቃ አይዛነፍም።

«የመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች የእናትሽ ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ ተሳፋሪው ይገባል።»

እንዴት እንደተገናኙ ማን የማያውቅ አለ? ከልጅነቴ ጀምሮ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። መድኃኒት ቤቱ ጋ ያለው ፌርማታ። እማዬ ሥራ ውላ፣ ዘግይታ፣ እየሮጠች። አባዬ በሩን ሊዘጋ ሲል አያት፣ ደንብ ጥሶ አንድ ሙሉ ደቂቃ ጠበቃት። «ደግ ባልሆን ኖሮ አንቺም አትኖሪም ነበር» ይለኛል።

«ለእናትሽ ትንፍሽ ብትዪ ከአውቶቡሱ አወርድሻለሁ።»

ደስ ብሎኝ ትራሴን ነከስኩ። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ነኝ፣ ልብ በሉልኝ... ለማን ነው «ልብ በሉልኝ» የምለው?

ጥቅምት 12

የአባዬን ኮምፒውተር አየሁት። ስክሪኑ ላይ አንድ ፋይል የለም። ንጹህ! የእኔ ስክሪን እኮ ፋይል በፋይል ላይ ተነባብሮበት ጀርባው ከጠፋ ዓመት አልፎታል።

«አባዬ፣ እንዴት ነው እንዲህ የጸዳው?»

«ተጠርጎ ነዋ» አለ፤ የጅል ጥያቄ የጠየቅኩት ይመስል። «ሹፌር ማታ አውቶቡሱን ሳይጠርግ ቁልፍ ያስረክባል?»

ቢሮ ሄጄ አወራሁለት። ከእኛ ሁሉ ሥርዓት ያለው አባቴ ነው አልኩ። አለቃችን ሳቁ። ቁምነገር «ጥሩ ተጠቃሚ ነው» አለ፣ ሳይስቅ።

ጥቅምት 14

የስኳሩ ዕቃ ላይ አዲስ ጽሑፍ ተለጥፏል፦ «ስኳር። ከጎኑ ያለው ጨው ነው። ትናንት ያደረግሽውን አስታውሺ።»

ሻዬ ውስጥ ጨው የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም። እማዬ ሠላሳ ዓመት መድኃኒት ቤት ስለሠራች ቤታችን በሙሉ መመሪያ ተለጥፎበታል። የሻወሩ መክፈቻ ላይ፦ «ግራው ያቃጥላል። መጀመሪያ ቀኙን።» የበሩ መቆለፊያ ላይ፦ «ሁለት ጊዜ ይዙር። አንድ ጊዜ ከዞረ አልተቆለፈም።» ጓደኞቼ ሲመጡ ያፍሩልኛል። እኔ ግን ተቃጥዬ አላውቅም።

ጥቅምት 21

የዚህ ወር ሰባተኛው አቤቱታ። አንዲት የሕፃናት መምህር ናት። የሦስት ዓመት የተማሪዎቿን ፎቶ ጎተራ ውስጥ አስገባች፣ ኮምፒውተሯ ሞልቶ ስለነበር ጥቅምት 16 ቀን ከራሷ ላይ ዲሊት አደረገች... ከጎተራውም ጠፋ።

ይጠፋል እንጂ! ዘጠነኛው ምርጫ፣ «የመስታወት ሁነታ» በርቷላ። እዚህ ያለው እዚያ አለ፣ እዚህ የሌለው እዚያ የለም። ይህንን የማያውቅ አለ?

የተለመደውን መልስ ላክሁላት፦ መመሪያ ገጽ 14፣ አንቀጽ 3ን ይመልከቱ። ፋይሉ ላይ «የተጠቃሚ ስህተት» ብዬ ዘጋሁት። አራት ደቂቃ! አለቃችን «እጅሽ ፈጣን ነው» ብለው አመሰገኑኝ። ለራሴ ቸኮሌት ገዛሁ።

የደብዳቤዋ መጨረሻ ግን... «አረንጓዴ ነበር እኮ» ይላል። እንደዚያ ብቻ። ምን ለማለት ነው?

ኅዳር 2

ሃያ ስምንተኛው ገጽ! አባዬ ጉንጩን ነፍቶ ቤት ውስጥ እየተንጎራደደ ነው። እማዬ ጠርጥራለች። «ይሄ ሰውዬ ሌላ ሴት ሳይዝ አልቀረም» አለችኝ ሽንኩርት እየላጠች። «በአንድ ጣት የሚጽፍላት ምስኪን ማን ትሆን?»

ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ መታጠቢያ ቤት ገባሁ።

ኅዳር 14

ለመጻፍ እጄ እምቢ ይላል... ግን ልጻፈው።

አባዬ አርባኛውን ገጽ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጨረሰ። ጠራኝ። ፀጉሩን አበጥሯል! «ነገ ቢሮሽ ፕሪንት ታደርጊልኛለሽ። ሁሉም ጎተራ ውስጥ ነው።»

ከፈትኩት። ባዶ።

ዘጋሁትና እንደገና ከፈትኩት። ባዶ። ከላዩ ላይ አረንጓዴው ምልክት ያበራል፦ «ሁለቱም ቦታ እኩል ነው።» እኩል ነዋ! ሁለቱም ቦታ ምንም የለም።

ሳቅሁ። ከድንጋጤ የተነሳ ሳቅሁ። አባዬም ቀልድ መስሎት አብሮኝ ሳቀ፣ ያ ነው የባሰብኝ።

«አባዬ... ገጾቹ የት አሉ?»

«ልኬያቸዋለሁ። በየቀኑ፣ አረንጓዴውን አይቼ።»

«ከዚህ ከኮምፒውተሩስ?»

«ጠርጌያቸዋለሁ። ተሳፋሪው ከወረደ በኋላ ወንበር ላይ ምን ይሠራል?»

በየቀኑ። አርባ ቀን። ጽፎ፣ ልኮ፣ አረንጓዴ አይቶ፣ ጠርጎ። ጎተራም በታማኝነት ተከትሎት ጠርጓል። ጎተራውን አንድ ቀን እንኳ ከፍቶ አላየውም። «የወረደ ሰው ቤቱ ድረስ ይከተሉታል እንዴ?» አለኝ።

ከዚያ ትዝ አለኝ፣ ቅርጫት አለን! የጠፋ ፋይል ሠላሳ ቀን የሚቆይበት። በሴቲንጉ አራተኛ በር ጀርባ ተደብቋል፣ አራት ጊዜ መጫን ይፈልጋል፣ እኔም ራሴ ሁለቴ ስቼ ነው ያገኘሁት። ሠላሳ ቀን የሞላው በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለዘለዓለም ይሄዳል። ከፈትኩ... አሉ! አንድ፣ ሁለት... ቆጠርኩ። ሁሉንም መለስኳቸው። ሠላሳ።

«ስንቱ ጎደለ?» አለ።

«አሥር።»

«የትኞቹ?»

«ከአንድ እስከ አሥር።» አሥረኛው ዛሬ ጠዋት ነው የሄደው። ሰባት ሰዓት ብቀድም ኖሮ...

«የእናትሽ ናቸው» አለ።

ቀጥሎ ያለውን አልረሳውም። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ይቅርታ፣ የሰጠሽኝን አበላሸሁብሽ» አለኝ። እሱ! እኔን! ይቅርታ!

አልቅሼ ተኛሁ ማለት እችላለሁ፣ ግን አልተኛሁም።

ኅዳር 15

ጠዋት ቁምነገር ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ። ሁሉንም ነገርኩት፣ መጥረጊያውን፣ ወንበሩን፣ አረንጓዴውን።

«መስታወት ነው» አለ። «ፊቱን ካዞረ መስታወቱ ውስጥ አይኖርም። ስሙ ይናገራል።»

«አባቴ ባክአፕ ነው የፈለገው እንጂ መስታወት አልፈለገም! መስታወት መኝታ ቤት አለው!»

ማስታወሻ ያዘ። ከዚያ «የሚመከር ያልነው፣ የማከማቻ ቦታ ስለሚቆጥብልን ነው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለእኛ ነው የሚመከረው።»

ወንበሬ ላይ ስመለስ ብልጭ አለብኝ። መምህሯ! ጥቅምት 16... ሠላሳ ቀን... ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት!

ደወልኩ። አታነሳም። ደወልኩ። አታነሳም። ክፍል ውስጥ ናት ለካ፣ በአራተኛው ስታነሳ ከጀርባዋ ሠላሳ ሕፃን ይንጫጫል።

«ከጎተራ ነው። እባክዎን ኮምፒውተርዎ ጋ ይሂዱ።»

«ገጽ 14ን አይቼዋለሁ፣ አልገባኝም፣ ይቅርታ...»

እሷም ይቅርታ ትላለች! ሰው ሁሉ ለምንድነው እኔን ይቅርታ የሚለኝ?

«ገጽ 14ን ይርሱት። እጅዎን ይዤ ነው የምወስድዎት።» በር አንድ፣ በር ሁለት... «አሁን ምን ይታይዎታል?» «ማርሽ የሚመስል ነገር።» «ይጫኑት!» በር ሦስት። በር አራት። ጸጥታ... ከዚያ ጩኸት። አራት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ! እሷ ጮኸች፣ ሕፃናቱ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ጮኹ፣ እኔ ጮኽኩ፣ ታች ጎማ ፈነዳ፣ ቢሮው በሙሉ ዘለለ። ቁምነገርም ዘለለ! በዓይኔ አየሁ!

የዘጋኋቸውን ሰባቱንም አቤቱታዎች ከፈትኳቸው። መምህሯን ጨምሮ የአራት ሰው ዕቃ ተረፈ። ሦስቱ አልፎባቸዋል። ለሦስቱ በራሴ ቃል ጻፍኩላቸው፦ ጥፋቱ የእኛ ነው ብዬ። አለቃችን «ሰባት የተዘጋ ሥራ ለምን ተከፈተ?» አሉ። አስረዳኋቸው። «እጅሽ ፈጣን ነው» አላሉም።

ኅዳር 16

አባዬ ገጽ አንድን እንደገና ሊጽፍ ተቀምጧል። ክ... ከዚያ ምንም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ምንም።

እማዬ በሩን ከፈተች። «ዶሮዋ ሞተች?»

አባዬ እኔን አየኝ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ከዚያ ሁሉንም ነገራት። አርባውን ገጽ፣ ስጦታውን፣ የጠፉትን አሥር። አንገቱን ደፍቶ። «ያኔ የመጣልኝ አሁን አይመጣልኝም» አለ።

እማዬ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። መነጽሯን አደረገች። «እስኪ መድኃኒቱን አሳዩኝ።»

ሴቲንጉን ከፈትኩላት። በጣቷ እየተከተለች አሥራ አራቱንም አነበበች። ዘጠነኛው ላይ ቆመች። «የመስታወት ሁነታ፣ የሚመከር... ማነው የሚመክረው?»

«እኛ።»

«ምን እንደሚያደርግ የታል? ለማን እንደሚሰጥ? ምን እንደሚያስከትል?» መነጽሯን አወለቀች። «ይህንን ከረጢት ላይ ጽፌ ለበሽተኛ ብሰጥ ኖሮ ዛሬ የምትጠይቂኝ እስር ቤት ነበር።»

ሄዳ ማርከሯንና ተለጣፊ ወረቀቷን አመጣች። ጻፈችና ስክሪኑ ላይ፣ ዘጠነኛው ምርጫ ላይ ለጠፈችው፦

«ይህ ሲበራ፦ ከኮምፒውተሩ ያጠፉት ከጎተራውም ይጠፋል። ለጀማሪ አይሰጥም። ልጆችና ጡረተኞች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።»

አባዬ «ጡረተኞች» የሚለውን ሲያነብ ሳቀ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የመጀመሪያው ሳቅ ነው። ስንስቅ ስንስቅ ጎረቤት ግድግዳ መታ።

ኅዳር 17

ወረቀቱን ልጬ ቢሮ ወሰድኩት። ስብሰባ ላይ ስክሪኑ ላይ ለጠፍኩት። አለቃችን አነበቡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቁምነገር ተጠግቶ አነበበ... ትከሻው ተንቀጠቀጠ... እና ሳቀ! ጥርስ አለው! ሙሉ ነው! አራት ምስክር አለኝ!

ሳቁን ሲጨርስ እንባውን ጠረገና «እናትሽ ሥራ ትፈልጋለች?» አለ።

ተወሰነ። ዘጠነኛው ምርጫ ተዘግቶ ይመጣል። «የሚመከር» ይነሳል። ጀማሪ ሦስት ምርጫ ብቻ ያያል፣ የቀሩት በር ተዘግቶባቸው ይቀመጣሉ። ቅርጫቱ ከተደበቀበት ወጥቶ ፊት ለፊት ይሰቀላል። እያንዳንዱ ምርጫ ሥር ምን እንደሚያደርግ በአንድ መስመር ይጻፋል። መስመሮቹን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ የማርመው ከእማዬ ጋር ነው። ይህን ሁለተኛውን ለአለቃችን አልነገርኳቸውም።

ከሰዓት በኋላ ሠላሳውን ገጽ አሳትሜ ይዤ ገባሁ። አባዬ ሰጣት። ከገጽ አሥራ አንድ የሚጀምር መጽሐፍ! እማዬ መስኮቱ ጋ ቁጭ ብላ፣ ማንንም ሳታናግር፣ እስከ አርባ አነበበችው። ሁለቴ ሳቀች፣ አንዴ አፍንጫዋን ጠረገች።

ሲያልቅ «ጥሩ ነው» አለች። «መጀመሪያው ግን ይቀረዋል።»

«ጠፋ አልኩሽ እኮ።»

«አንተ የጻፍከው ነው የጠፋው።» ወደ ኮምፒውተሩ ሄደች። «ተነስ እስቲ ከወንበሩ።»

ኅዳር 20

ሁለት ዶሮ ሆነዋል። እሷ በሁለት ጣት ነው የምትጽፈው፣ አባዬ ቀንቷል። በር ተዘግቷል፣ ማንም አይገባም። አባዬ ኮሪደር ላይ እየተንጎራደደ «ስለ እኔ ምን እያለች ነው?» ይለኛል። እኔ ምን አውቄ!

ኅዳር 27

አዲሱ ጎተራ ዛሬ ወጣ። የመጀመሪያውን ለአባዬ ጫንኩለት። በዚህኛው ጊዜ ደረቴን አልነፋሁም። «አባዬ፣ ጥረግ» አልኩት። አንድ የሙከራ ፋይል ላከ፣ አረንጓዴ፣ ሊያጠፋው ሲል ስክሪኑ ጠየቀው፦ «ከዚህ ቢያጠፉትም ጎተራው ውስጥ ይቆያል። ይጥፋ?» ጮክ ብሎ አነበበው። ሁለቴ። አጠፋው። ጎተራውን ከፈተ። አለ!

«ቤቱ ድረስ ተከተልኩት» አለኝ፣ እንደ ልጅ እየፈነደቀ።

ከዚያ እማዬ ገጹን አመጣች። አንድ ገጽ ብቻ። አሥሩን በአንድ ጨርሳዋለች። አባዬ ቆሞ፣ ጮክ ብሎ ነው ያነበበው። ትዝ የሚለኝን ያህል ልገልብጠው፦

«ባለቤቴ ዘግይቼ ስሮጥ አይቶ እንደጠበቀኝ ለሰው ሁሉ ይናገራል። አልዘገየሁም። ሥራ የምጨርሰው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። የእሱ አውቶቡስ የሚመጣው አሥራ ሁለት ከሩብ ነው። ሁለት ዘጠኝ ቁጥር እያሳለፍኩ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በር ጀርባ ቆሜ እጠብቅ ነበር። ሦስተኛው ሲመጣና መሪው ላይ እሱን ሳየው፣ ያኔ ወጥቼ እሮጣለሁ። የጠበቀኝ ቀን ስምንተኛ ቀኔ ነበር። ሰባቱን ቀን አላየኝም፣ በሩን ዘግቶብኝ ሄዷል።»

አባዬ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። አፉ ተከፍቷል።

«ሰባት ቀን?»

«ሰባት ቀን።»

«አርባ ዓመት ሙሉ እኔ ጠበቅኳት እያልኩ...»

«የጠበቅኩህ እኔ ነኝ» አለች እማዬ፣ መነጽሯን እያጠፈች። «እንዳታፍር ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አሥሩ ገጽ ባይጠፋ ኖሮ አሁንም ዝም እል ነበር።»

እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ በሳቅ ፈነዳሁ። አባዬ አልሳቀም። ፊቱ ግን... ምን ብዬ ልጻፈው? የሃያ አራት ዓመት ልጅ ፊት ነበር።

ገጽ አንድ ብሎ ሰየመው። ላከው። አረንጓዴ። እጁ በልማዱ ወደ ማጥፊያው ሄደ፣ ስክሪኑም ጠየቀው። ቢያጠፋው ምንም አይሆንም፣ እኔም ነገርኩት፣ አሁን መጥረግ ይቻላል።

«አይ፣ ትቀመጥ» አለ።

ማታ ለመተኛት ሳልፍ አየሁት። ባዶው ስክሪን መሀል አንድ ፋይል ብቻ። በአርባ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አውቶቡሱ ሳይጠረግ አደረ።